አስታማሚዋን ላሰናብት የሄድኩበት የስሜን መንገድ

ድሬዳዋ ለእረፍት ከመጣሁ ጀምሮ የእናቴ ጎረቤቶች «የጎንደር አገር እንዴት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ብርዱን ስነግራቸው ይስቃሉ። በእኛ አገር ሰው አልጋውን በረንዳ አውጥቶ ይተኛል። ደባርቅ ላይ ግን በጥር ወር በእንስራ ያደረ ውሃ አፉ ላይ በረዶ ይጋግራል ብላቸው ማን ያምነኛል? አብዛኞቻችሁ ያን አገር አታዩትም። ስለዚህ ያን የስድስት ቀን ጉዞ ከመነሻው ጀምሬ ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። አንዲት ልጅ ከሥራዋ ላሰናብት ነበር።

ነርስ መሆኔን ታውቃላችሁ። ጎንደር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ማሠልጠኛ አስተምራለሁ። ሐኪም ቤት መምጣት የማይችሉ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየዞሩ የሚያስታምሙ ሴቶችን ሦስት ሦስት ወር እናሠለጥናለን። ገላ ማጠብ፣ ቁስል መጥረግ፣ የተኛን ሰው ማገላበጥ፣ ማጉረስ፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ መልሼ ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አንዷ አንጓች የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ደባርቅ ተመድባ ስምንት ወር ያህል እንደሠራች፣ ከገና በኋላ ከዚያ ደብዳቤ መጣ። «የላካችኋት አስታማሚ የአንድ ሽባ መሪጌታ እግር አቃጥላለች። ሕዝቡ በር እየዘጋባት ነው» ይላል።

ኃላፊያችን ቁጡ ባይሆኑም ቃላቸው አንድ ነው። የስንብት ደብዳቤ አስጽፈው፣ ፈርመው፣ ቀኑን ብቻ ባዶ ትተው ሰጡኝ።

«ሂጂና በዓይንሽ እዪ። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ቀኑን ሞልተሽ እዚያው ስጫት። አዲሶቹ ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት መልስሽን እጠብቃለሁ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ጥፋተኛዋ እሷ መሆኗን አልተጠራጠርኩም። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ተነሣሁ።

ሰኞ

ከጎንደር የተነሣሁት ጨውና አቡጀዲ በጫነ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ሲስተር መሆኔን ሲሰማ ጋቢና አስገባኝ። እናንተ ባቡር የለመዳችሁ ሰዎች ይህን መንገድ ብታዩት ታዝናላችሁ። ባቡሩ ወንበር አለው፣ መስኮት አለው፣ በየጣቢያው ብርቱካን የሚሸጥ አለው። እዚህ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል አቧራ ነው። ኮሶዬ ላይ ሾፌሩ «ወደ ግራ አይመልከቱ» አለኝ። ተመለከትኩ። ከዚያ በኋላ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ጉልበቴን ብቻ ሳይ ሄድኩ።

የወገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ጎማ እስኪቀይር ወርጄ በታጨደ የገብስ ማሳ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል፣ የጫማዬ ተረከዝ በመሬት ስንጥቅ ገብቶ ተገነጠለ። ጫማው ለጎንደር ከተማ እንጂ ለወገራ አልተሠራም። ነፋሱም ነጠላዬን አልፎ አጥንቴ ገባ። እያነከስኩ ጋቢና ተመለስኩ። ሾፌሩ አይቶኝ ሊስቅ ፈለገና ተወው።

ዳባት የደረስነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሾፌሩ ወደሚያውቃቸው ወይዘሮ የሺ ወደሚባሉ ባልቴት ቤት ወሰደኝ። እንግዳ ማሳደር ልማዳቸው ነው። ከየት መጣሽ ሳይሉኝ በርጩማ አቀረቡ፣ ውሃ አሞቁ፣ ተንበርክከው እግሬን አጠቡኝ። የእናቴ እኩያ ናቸውና አፈርኩ፤ እግሬን ልሰበስብ ስል ቁርጭምጭሚቴን ጨብጠው «ተይ እንጂ ልጄ! እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ያድራል?» አሉ። ከዚያ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በላን።

ተረከዝ የሌለውን ጫማዬን ሲያዩ ከሳጥን ውስጥ የወንድ ሸራ ጫማ አወጡ።

«የሟቹ ነው። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቂበት።»

«የባለቤትዎን ጫማ እንዴት እወስዳለሁ?»

«እሱ እንደሆን መንገዱን ጨርሷል» አሉኝ።

ለምን ወደ ደባርቅ እንደምሄድ ስነግራቸው፣ «ስለዚያች ልጅ እዚህም ሰው ያወራል። በየቅዳሜው ወደዚያ መሪጌታ ቤት ትወጣለች አሉ። አያስገቧትም። ከአጥር ውጭ ቆማ ቆማ ትመለሳለች» አሉኝ። ጥፋተኛ ሰው ይሸሻል እንጂ ለምን ይመላለሳል? ብዬ አሰብኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ሜዳው ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ አደረ። መኪናው አልነሣ አለ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ፣ አንድ ቄስ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን አስቀምጠው፣ እየገፋ አስነሣልን። በእኛ አገር መኪና የሚቆመው ግሎ ነው፤ እዚያ በርዶ ይቆማል።

ደባርቅ የገባነው ከረፋዱ ላይ ነው። የቆርቆሮና የሣር ቤት የተቀላቀለባት፣ ባሕር ዛፍ የከበባት ከተማ ናት። ሰው ሁሉ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይሄዳል። አንጓችን ክሊኒኩ ጓሮ ጨርቅ ስትቀቅል አገኘኋት። ስታየኝ ማማሰያውን አስቀመጠችና እጅ ነሣች። ከስታለች።

«ሊያሰናብቱኝ ነው የመጡት፣ ሲስተር?»

«መጀመሪያ ልስማሽ» አልኳት።

የተከራየቻት አንዲት ክፍል ናት። አልጋዋን ለእኔ ለቅቃ መሬት ላይ ሰሌን አነጠፈች። ምሳ አቅርባልኝ፣ እሷ ሳትቀምስ ደብተሯን አወጣች። ማሠልጠኛው ውስጥ ስናገር የጻፈችው ደብተር ነው፤ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

«መሪጌታ ከገደል ወድቀው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ ሁለት ዓመታቸው ነው። ኅዳር ላይ ብርዱ ሲጠና እግራቸውን ብነካው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ደብተሬን አየሁ። ይኸውልዎት።»

አነበብኩት። «የሕመምተኛው እግር ሲቀዘቅዝ ሙቅ ውሃ በያዘ ጠርሙስ አሙቂ» ይላል። ቃሉ የእኔ ነው።

«ጠርሙስ አልነበረም። ድንጋይ አግዬ በጨርቅ ጠቀለልኩና ከተረከዛቸው ሥር አደረግኩ። እንዳይበዛባቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹ደህና ነው ልጄ፣ ምንም አይለኝ› አሉኝ። ሲስተር፣ እኔ እኮ ጠይቄያቸዋለሁ!»

ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ተረከዙ ሲቃጠልም አይሰማውም። ይህን ማንም አልነገራትም። ያልነገርኳት እኔ ነኝ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ከዚያችው መስመር ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ነበረው። ያን ምዕራፍ ሳዘጋጅ ጊዜ አጥሮኝ፣ ደግሞም ለእኔ ለቆላ ሰው እግር ማሞቅ ቁም ነገር ስላልመሰለኝ፣ ዘልዬዋለሁ። ድሬዳዋ ማን የማንን እግር ያሞቃል?

እዚያው ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም። ደብተሩን ዘጋሁና «ነገ መሪጌታ ቤት እንሄዳለን» አልኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዬ ፊት ጥፋቴን ለማመን አፌ እምቢ አለኝ።

ረቡዕ

አያ ማሩ የሚባሉ ሽማግሌ በቅሏቸውን ይዘው መጡ። ቤቱ ወደ ጊች በሚወስደው መንገድ አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እኔ በበቅሎ፣ አንጓች በእግሯ። «በየተራ እንቀመጥ» ብላት «ለምጄዋለሁ» ብላ እንቢ አለች።

ዳገቱ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች እንደ በግ መንጋ ሣር ሲነጩ አየን። አያ ማሩ «እነሱም ብርዱን ይፈሩታል እሜቴ። ፀሐይ ካልወጣ ከገደሉ አይወጡም» አሉኝ። ስለ ስሜን ተራራ ልትጠይቁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ጫፉ ጉም ለብሶ ስለነበር አላየሁትም።

አንድ ወንዝ ስንሻገር በቅሎዋ መሐል ላይ ቆማ እንቢ አለች። አያ ማሩ ሲጎትቷት ድንገት ዘለለች፤ እኔ ኮርቻው ላይ ቀረሁ፣ የመድኃኒት ሣጥኔ ግን ውሃው ውስጥ ወደቀ። የቁስል መድኃኒቱ ጠርሙስ ተሰበረ፣ ፋሻው ራሰ፣ የሙቀት መለኪያው ጠፋ። አንጓች ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገብታ የተረፈውን ለቀመች። አያ ማሩ ከእኔ ይልቅ አዘኑ። ረቡዕ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምሱት ሰውዬ፣ ለራሳቸው ከያዙት በሶ በጥብጠው «ድንጋጤ ባዶ ሆድ ላይ አይሆንም፤ አንቺ መንገደኛ ነሽ፣ እግዜር ይቅር ይላል» ብለው አጠጡኝ።

እንግዲህ ባዶ እጄን ደረስኩ ማለት ነው።

የመሪጌታ ምራት ደብሬ ትባላለች። በሠላሳዎቹ ያለች፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ባሏ ማሳ ውሎ ይገባል፤ ሽማግሌውን የምታስታምመው እሷ ናት። የአጥሩ በር ላይ ቆማ ተቀበለችን።

«እርስዎ ይግቡ። ያቺ እዚያው ትቁም» አለችኝ።

አንጓች አንገቷን ደፍታ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። የምትቆምበት ቦታ ይታወቃል፤ ሣሩ ተረግጦ መሬቱ ወጥቷል።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ዓይኔ እስኪለምድ ድረስ ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ ዳዊት የሚደግም ዝግ ያለ ድምፅ። ደብሬ «ይጠብቁ፣ ሊጨርሱ ነው» አለችኝ። ድምፁ ሲቆም ወደ መደቡ ሄደች። «አባቴ፣ ላዙርዎ ነው» አለች። ክንዷን ከትከሻቸው ሥር አሳለፈች፣ በጉልበቷ ወገባቸውን ደገፈችና እንደ ሕፃን ወደ ግድግዳው አዞረቻቸው። ሽማግሌው ቀጥለው ዳዊታቸውን ያዙ።

«በየስንት ሰዓቱ ነው የምታዞሪያቸው?» አልኩ።

«ሰዓት ከየት አምጥቼ? ሁለት ንጉሥ ሲደግሙ አዞራለሁ። ሌሊት ደግሞ ዶሮ ሲጮኽ።»

የመዝሙረ ዳዊት አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። እኔ «በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ» ብዬ ነበር ያስተማርኩት። ከተማሪዎቼ የእጅ ሰዓት ያላት አንዲትም አልነበረችም።

ጀርባቸውን እንዳይ ፈቀዱልኝ። ጎንደር ሐኪም ቤት በነጭ አንሶላ ሁለት ወር የተኛ ሰው ጀርባው ሲቆስል ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እኚህ ሰው ሁለት ዓመት ተኝተዋል። ገላቸው ንጹሕ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። ከሥራቸው የተነጠፈው ጠጉሩ ወደ ላይ የሆነ የበግ አጎዛ ነው፤ ደብሬ በየሳምንቱ እያጠበች፣ በፀሐይ እያሰጣች፣ ሁለቱን እያቀያየረች ታነጥፈዋለች።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል? መጀመሪያ ሳነሣቸው ይከብዱኝ ነበር። እሳቸውም ያፍሩ ነበር። እየዋለ እያደረ ለመድነው።»

ከዚያ እግራቸውን ገለጠች። ቀኝ ተረከዛቸው እስከ አጥንቱ ጎድጉዷል። ማር ቀብታ በተቀቀለ ጨርቅ አስራዋለች። አይሸትም፣ ውስጡ ቀይ ሥጋ ነው፤ ቀስ እያለ እየሞላ ነው። መድኃኒቴ ወንዝ ውስጥ መቅረቱ ምንም አላጎደለባቸውም።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። የስንብት ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ልጅቷ ውጭ ቆማለች። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ያን መጽሐፍ በዚያ አገር ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«መሪጌታ» አልኩ፣ «አንጓችን እንዲህ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። የማይሰማ እግር ሙቅ ነገር እንዳይጠጋው መጽሐፉ ያስጠነቅቃል። እኔ ዘለልኩት። እሷ የተማረችውን ነው ያደረገችው። ያቃጠልኩዎት እኔ ነኝ።»

ደብሬ ጨርቁን እንደያዘች ቀረች። «ታዲያ ይህን ለመናገር እስካሁን የት ነበሩ?» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ «ስምንት ቅዳሜ በውርጭ አቆምኳት» አለች።

መሪጌታ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ ነው የተናገሩት። ቃላቸው ዝግ ያለ፣ የተመዘነ ነው።

«እኔም አስተማሪ ነበርኩ፣ ልጄ። ከበየዳ የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። አንድ ዜማ አጥፍተሃል ብዬ በሰው ፊት ገረፍኩት። ከዓመት በኋላ መጽሐፉን ሳገላብጥ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፤ ልጁ እኔ እንዳስቀጸልኩት ነበር ያዜመው። ያን ጊዜ ግን ትምህርቱን ትቶ ሄዷል። ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ። ዛሬ ነገ ስል ወደቅሁና ይኸው እዚህ ቀረሁ። አንቺ በእግርሽ መጥተሻል። ለእኔ ነግረሽኛል። ለእሷስ ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያስ ውጪ።»

ወጣሁ። ደብሬ ግን ቀደመችኝ። አጥሩን አልፋ ሄዳ አንጓችን በእጇ ያዘቻት፤ ምንም አላለቻትም፣ ጋቢዋን አውልቃ ደረበችላት። እኔም እዚያው የተረገጠው ሣር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። አንጓች ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «መጽሐፉ ላይ ነበር?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። «ነበር» አልኳት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አያ ማሩ በቅሏቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ።

ሐሙስ

ያን ቀን እዚያው ዋልን። ተማሪዋ እኔ ነበርኩ። ደብሬ ታሳያለች፣ አንጓች ታደርጋለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

«ክንድሽን አታክርሪው። ከሥር ነው የሚገባው። መጀመሪያ ንገሪያቸው፤ ሳትነግሪ ሰው አይነካም።»

«እግራቸው ሲቀዘቅዝስ?» አልኩ።

«ብርዱ እንዳይገባ እናደርጋለን እንጂ እሳት አናስጠጋም። ይህን ሰፋሁላቸው።» ከአጎዛ የተሰፋ፣ ጠጉሩ ወደ ውስጥ የሆነ የእግር ከረጢት አሳየችኝ። የሰፋችው ከቃጠሎው በኋላ ነው።

አጥሚት ስታጠጣ ከራሳቸው ሥር ምን እንደምታደርግ፣ አፋቸውን በምን እንደምትጠርግ፣ ሲከፉ ምን እንደምታወራቸው ጠየቅኳት። ይህን የመጨረሻውን ስጠይቅ አፈረች። መሪጌታ ሳቁ። «የመንደሩን ሐሜት ታመጣልኛለች። እሱ ባይኖር እስካሁን ሞቼ ነበር» አሉ። በዚያ ጉዞ ሳቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

አዲሱ ትምህርት የተጻፈው በዚያ መደብ አጠገብ ነው።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ወደ ደባርቅ ወረድን። ቅዳሜ በእህል መኪና፣ ከገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወደ ጎንደር ተመለስኩ። ዳባት ላይ መኪናው ለጥቂት ደቂቃ ሲቆም ወደ ወይዘሮ የሺ ሮጬ ሄድኩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደው አላገኘኋቸውም።

ኃላፊያችን የስንብቱን ደብዳቤ ቀኑን ሳልሞላ መልሼ ጠረጴዛቸው ላይ ሳኖር አዩኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አነሡ።

«እንግዲህ ጥፋቱ በማን ስም ይጻፍ?»

«በእኔ።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ፋይሌ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። የትምህርቱ ኃላፊነትም ለአንድ ዓመት ከእኔ ተነሥቶ ለሌላ ነርስ ተሰጠ። ከፋኝ፣ አልዋሽም። የጻፍኩትን ግን አልጣሉትም። ተማሪዎቹ አንዱን ወር ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱን ወር ሕመምተኛ ቤት ውስጥ እንዲማሩ ተወሰነ። ደብሬን ጎንደር መጥታ እንድታስተምር ብንለምናት፣ «መሪጌታን ማን ሊያዞራቸው?» ብላ መለሰች። ስለዚህ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግን ወደ እሷ ላክን። አንጓች እየመራች ትወስዳቸዋለች። ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ፣ ከመግባታቸው በፊት፣ «እኔ ሰው አቃጥያለሁ» ብላ ትጀምርላቸዋለች። እንዲህ በይ ያላት የለም።

ተረከዙ በሰኔ ድኖ ተዘጋ። መሪጌታ ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ቆዩ። በጥቅምት፣ በደብሩ ቄስ እጅ የተጻፈ ከደብሬ የተላከ ወረቀት ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፤

«ለሲስተር ዘነበች። እንዴት ሰነበቱ። መሪጌታ ባለፈው እሑድ ዐረፉ። ሁለተኛውን ንጉሥ ሲጨርሱ ላዞራቸው ብነሣ ሄደዋል። ገላቸው እስከ መጨረሻው አልቆሰለም። አንጓች አብራኝ ነበረች፤ አብራኝ አለቀሰች። ልጆቹን መላክ ግን እንዳታቆሙ። ከታች ቤት አንዲት ባልቴት ግማሽ ጎናቸው ደርቆ ተኝተዋል፤ ዳዊት አያውቁም፤ በምን እንደምናዞራቸው እናስብበታለን።»

ወረቀቱን ለኃላፊያችን አሳየኋቸው። በማግሥቱ ሁለት ተማሪዎች በእህል መኪና ወደ ደባርቅ ወጡ።